ቪዲዮ ሲጨልም ጥፋተኛው ስክሪኑ ነው?

ላፕቶፕ ላይ የተከፈተ ቪዲዮ ሲጨልም አዳማ ውስጥ መላ የሚሰጥ ሰው አይጠፋም። ጎረቤት አንድ ይላል፣ የጥገና ቤቱ ልጅ ሌላ ይላል። ከሚባለው ውስጥ አብዛኛው ግን ገንዘብ የሚያስወጣ ስሕተት ነው።

«ስክሪኑ አርጅቷል፤ ይቀየር።» ከመስማማትዎ በፊት ቪዲዮውን ከፍተው እዚያው ስክሪን ላይ አጠገቡ አንድ ፎቶግራፍ ይክፈቱ። ፎቶግራፉ ደምቆ ቪዲዮው ብቻ ከጠቆረ ስክሪኑን ይተዉት። ያረጀ የጀርባ መብራት መርጦ አያጨልምም፤ የሚያደበዝዘው ሁሉንም ነው። ችግሩ ያለው ቪዲዮው ወደ ስክሪኑ በሚመጣበት መንገድ ላይ ነው።

«ብሩህነቱን እስከ መጨረሻው መጨመር ነው።» በቪዲዮ ማጫወቻው ፕሮግራም ውስጥ ያለው ብሩህነት ለጥቁሩም ለነጩም እኩል ብርሃን ስለሚደምር ሌሊቱ አመድ ይመስላል፣ ነጩም ዝርዝሩን ያጣል። የሚያስፈልገው ጋማ ነው። ጋማ ሁለቱን ጫፎች ባሉበት ትቶ መሐሉን፣ ማለትም የሰው ፊት የሚገኝበትን፣ ከፍ ያደርጋል። ቪኤልሲ በተባለው ማጫወቻ ላይ «ቱልስ»፣ ከዚያ «ኢፌክትስ ኤንድ ፊልተርስ»፣ ከዚያ «ቪዲዮ ኢፌክትስ» ውስጥ ገብተው «ኢሜጅ አጀስት» ላይ ምልክት ያድርጉ። ጋማውን ከ1.00 ወደ 1.2 ገደማ ማሳደግ ለውጡን ያሳያል።

«የሰርጉ ቪዲዮ ቴሌቪዥን ላይ የጠቆረው አንሺው ስላበላሸው ነው።» ምስኪን አንሺ! ላፕቶፑ ላይ ደህና የነበረው ቪዲዮ በኤችዲኤምአይ ገመድ ቴሌቪዥን ላይ ሲወጣ ከጠቆረ፣ የሙሽራውን ሱፍ ይመልከቱ፤ እጥፋቱ ሁሉ ጠፍቶ አንድ ጥቁር ሆኗል። የሙሽሪት ቀሚስ ጥልፍም በነጩ ውስጥ ሰጥሟል። ሁለቱ አብረው ከታዩ ምክንያቱ የቁጥር አለመግባባት ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ከወጣው የዲጂታል ቴሌቪዥን መስፈርት ጀምሮ በቪዲዮ ዓለም ብርሃን በቁጥር ሲጻፍ ጥቁር 16፣ ነጭ ደግሞ 235 ነው። ኮምፒውተር ግን ከ0 እስከ 255 ይቆጥራል። ኮምፒውተሩ በራሱ ቆጠራ ሲልክ ቴሌቪዥኑ በቪዲዮው ቆጠራ ከተቀበለ፣ ከ16 በታች ያለው ሁሉ ጥቁር፣ ከ235 በላይ ያለው ሁሉ ነጭ ይሆናል።

የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ (ምስሉን አዘጋጅቶ ወደ ስክሪን የሚልክ የኮምፒውተር ክፍል) ላለው፣ በኤንቪዲያ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ውስጥ «አውትፑት ዳይናሚክ ሬንጅ» የሚለውን ከ«ፉል» ወደ «ሊሚትድ» መለወጥ ያስታርቃቸዋል። ወይም በቴሌቪዥኑ ምናሌ ውስጥ «ብላክ ሌቭል» የሚባለውን ማስተካከል ይቻላል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይንኩ፤ ሁለቱንም ከለወጡ ስሕተቱ ይገለበጥና ምስሉ ግራጫ ይሆናል። ያለ ቴሌቪዥንም ይህ ያጋጥማል፦ ማጫወቻው 16ን ወደ 0 አውርዶ ሲጨርስ የግራፊክስ ድራይቨሩ፣ ማለትም ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር፣ ያንኑ ሥራ ከደገመው ምስሉ ሁለት ጊዜ ይጠቁራል። ለዚህኛው መፍትሔው እዚያው ሰሌዳ ላይ በቪዲዮ ቀለም ቅንብር ገጽ ይገኛል።

«መብራት ሲጠፋ የሚጨልመው ባትሪው ደክሞ ነው።» ከተማችንን ቁልቁል የሚያዩት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ቢኖሩም መብራት ይጠፋል፤ ላፕቶፑም ወደ ባትሪ ይዞራል። የሚያደበዝዘው ግን የባትሪው ድካም ሳይሆን የቁጠባ ቅንብር ነው። አንዳንዱ የምስሉን ይዘት እያየ የጀርባ መብራቱን ስለሚቀንስ የሌሊት ትዕይንት ሲመጣ ይብሱን ይጨልማል። ዊንዶውስ 11 ላይ በቅንብሩ «ዲስፕሌይ» ውስጥ የብሩህነት መስመሩን ዘርግተው ብሩህነትን እንደ ይዘቱ የሚለውጠውን ምርጫ ያጥፉ። የኢንቴል ግራፊክስ መቆጣጠሪያም የራሱ የስክሪን ኃይል ቁጠባ ስላለው እሱንም ይመልከቱ።

«ስልክ ላይ ደምቆ ኮምፒውተር ላይ የፈዘዘው ሲላክ ተበላሽቶ ነው።» ከውጭ አገር ዘመድ የሚላክ የአይፎን ቪዲዮ ላይ ይህ የተለመደ ቅሬታ ነው። ከአይፎን 12 ጀምሮ ስልኩ በኤችዲአር፣ ማለትም ከተለመደው በሰፋ የብርሃንና የጥላ ልዩነት፣ መቅረጽ ይችላል። ኤችዲአርን ለተራ ስክሪን መተርጎም የማያውቅ ማጫወቻ ያንኑ ፋይል ጨለማ ወይም ግራጫ አድርጎ ያወጣዋል። ቪኤልሲዎ ከ3.0 በፊት የወጣ ከሆነ መጀመሪያ ያድሱት።

«ፎርማት ይደረግ።» ፎርማት አንዳንድ ጊዜ የሚሠራው የተዛባውን የድራይቨር ቅንብር አብሮ ስለሚጠርግ ብቻ ነው፤ በኤንቪዲያ ሰሌዳ ላይ «ሪስቶር ዲፎልትስ» የሚለው አዝራር ያንኑ ያደርጋል፣ ፋይልም አያጠፋም። ጨለማው ብራውዘር ላይ ብቻ ከሆነ ደግሞ በብራውዘሩ ቅንብር ውስጥ የቪዲዮውን ሥራ ለግራፊክስ ካርዱ የሚሰጠውን «ሃርድዌር አክሰለሬሽን»ን አጥፍተው እንደገና ይክፈቱት። ከተስተካከለ የሚቀረው የግራፊክስ ድራይቨሩን ማደስ ነው።