ብራውኒን የሚያበላሹ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ብራውኒ (ከኬክ ይልቅ እርጥብና ጥቅጥቅ ያለው የቸኮሌት ጣፋጭ) ሲደርቅ ወይም መሃሉ ሲሰረጉድ ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ከሰው የተቀበልነው አሠራር ነው። አሠራሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው፤ የሚያበላሸው ከኬክና ከዳቦ ይዘነው የመጣነው ልማድ ነው። ለ20 በ20 ሳንቲ ሜትር መጋገሪያ የሚበቃው 200 ግራም ጥቁር ቸኮሌት፣ 150 ግራም የገበታ ቅቤ፣ 250 ግራም ስኳር፣ 3 እንቁላል፣ 90 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 30 ግራም ኮኮዋ እና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ነው (ቅቤው ጨው ካለው ጨው አይጨመርም)። ቸኮሌትና ቅቤው አብረው ይቀልጡና ለብ ሲሉ ከተመታው እንቁላልና ስኳር ጋር ይቀላቀላሉ። ዱቄቱና ኮኮዋው በመጨረሻ ተነፍተው ይገባሉ። ቀድሞ በጋለ 175 ዲግሪ ኦቨን ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃዋል።

«ስቴኪኒው ንጹሕ ሆኖ ካልወጣ አልበሰለም»

ለኬክ ልክ ነው፤ ብራውኒን ግን ዋናው የሚያደርቀው ይኸው ነው። ቸኮሌትና ቅቤ ሲሞቁ ይፈሳሉ፣ ሲቀዘቅዙ ይጠጥራሉ፤ ስለዚህ ትኩስ ሳለ ያልበሰለ የሚመስለው መሃል ሲበርድ ይይዛል። ከ22ኛው ደቂቃ ጀምሮ ይፈተሽ። ዳር ዳሩ ጠጥሮ፣ መጋገሪያው ሲነቀነቅ መሃሉ በጥቂቱ ብቻ ከተርገበገበ፣ ስቴኪኒው ላይም እርጥብ ፍርፋሪ ከተጣበቀ ጊዜው ደርሷል። የሚንጠባጠብ ሊጥ ይዞ ከወጣ 3 ደቂቃ ይጨመርለት። ከወጣም በኋላ የጋለው ብረት ማብሰሉን ስለማያቆም ቢያንስ ሁለት ሰዓት ሳይቆረጥ ይቆይ።

«ቤኪንግ ፓውደር ካልገባበት ድንጋይ ይሆናል»

አይሆንም። የሚያነሳው የተመታው እንቁላል ነው፤ ቤኪንግ ፓውደር ሲጨመር ወደ ኬክነት ይሄዳል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። ከውጭ የሚመጡት አሠራሮች በአብዛኛው የተለኩት ለቆላ ከፍታ ነው፤ አዲስ አበባ ግን ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል በሊጡ ውስጥ ያለው ጋዝ ቶሎ ይሰፋል፤ ሊጡ ሳይጠነክር ያብጥና ተመልሶ ይሰረጉዳል። ከውጭ የመጣው አሠራር 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ካለ ግማሹ ይበቃል። ውሃም እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ እርጥበቱ ቶሎ ይተናል፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ መጨመር ይረዳል።

ለዚህ ፈሳሽ ከአቦል የተሻለ የለም። «ቡና ቡና ይላል» የሚለው ስጋት መሠረት የለውም፤ ይህን ያህል ወፍራም ቡና የቸኮሌቱን ጣዕም ያጎላዋል እንጂ ራሱ አይለይም። አተላው ብቻ እንዳይገባ።

«አንድ ካፕ ማለት አንድ ኩባያ ነው»

የአሜሪካኖቹ ካፕ 240 ሚሊ ሊትር ነው፤ ቤታችን ያለው ኩባያ ሌላ ነው። በዚያ ልክ ዱቄት 125 ግራም፣ ስኳር 200 ግራም ያህል ይመዝናል። ካፑን ዱቄቱ ውስጥ ነክሮ ማውጣት ግን ዱቄቱን ጠቅጥቆ ወደ 150 ግራም ሊያደርሰው ይችላል። ሚዛን ይሻላል።

«ቸኮሌቱ ላይ ውሃ ጠብ ካለ ተበላሸ»

ጥቂት ጠብታ በእርግጥ ያጓጉለዋል። የሚያድነው ግን ራሱ ውሃ ነው፦ ሙቅ ውሃ በማንኪያ እየጨመሩ ሲያማስሉት ተመልሶ ይለሰልሳል። የማይድነው ያረረ ቸኮሌት ነው።

«ስኳሩን በግማሽ ብንቀንስ የሚለወጠው ጣፋጭነቱ ብቻ ነው»

ስኳር እርጥበቱንም ይይዛል፤ ላዩ ላይ የሚታየውን ስስና የሚያብረቀርቅ ቅርፊትም የሚሠራው በእንቁላሉ ውስጥ የሟሟ ስኳር ነው። 50 ግራም ቢቀነስ ችግር የለውም፤ ግማሹ ከተቀነሰ ግን ደርቆ ይፈረፈራል፣ ቅርፊቱም አይገኝም። እንቁላልና ስኳሩ ነጣ ብለው እስኪወፍሩ 5 ደቂቃ ያህል ይመቱ። በጣት ሲታሽ የሚሻክር ነገር ካለ ስኳሩ ገና ነው፤ ቅንጣቱ ትልልቅ የሆነ ስኳር አስቀድሞ ይፈጭ።

«ለጾም ቅቤውን በዘይት መተካት ይበቃል»

እንቁላሉ አለ፤ ጥቁር ቸኮሌትም ወተት ሊኖረው ስለሚችል ማሸጊያው ይነበብ። ከዚህ ይልቅ ለጾም የሚስማማው የኮኮዋ ኬክ ነው፦ 190 ግራም ዱቄት፣ 200 ግራም ስኳር፣ 25 ግራም ኮኮዋ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 80 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ 240 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ አቼቶ እና 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ (አዲስ አበባ ላይ ሦስት አራተኛው)። አቼቶው ከሶዳው ጋር ተዋህዶ ስለሚያልቅ አይሸትም። አቼቶው እንደገባ ግን ጋዙ ሳያመልጥ ወዲያው ኦቨን ውስጥ ይግባ። ይህኛው ኬክ ስለሆነ ስቴኪኒው ንጹሕ ሆኖ መውጣት አለበት።