ኮን ምንድን ነው? በሂሳብ፣ በዓይንና በእሳተ ገሞራ

መሠረቱ ክብ ነው፤ አናቱ በአንዲት ነጥብ ያልቃል፤ ከዚያች ነጥብ እስከ ክቡ ጠርዝ ማስመሪያ ብታስቀምጡ የትም ሳይነሣ ልጥፍ ይላል። የሂሳቡ ኮን ይኸው ነው፤ በአማርኛ ሾጣጣ የምንለው። የመሶብ ክዳን ጎኑ ትንሽ ካበጠ፣ ለዓይን ቢመስልም በሂሳብ ኮን አይደለም።

ስህተት የሚበዛው ቁመቱ ላይ ነው። ኮን ሁለት ቁመት አለው፦ ከአናት ወደ መሠረቱ መሃል ቀጥ ብሎ የሚወርደውና በጎኑ ተዳፋት የሚወርደው። ይዘቱን ስናሰላ ቀጥታውን፣ ቆርቆሮ ስንቆርጥ ተዳፋቱን እንይዛለን። ስፋቱ 40፣ ቀጥታ ቁመቱ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ የጭስ ማውጫ ቆብ እንሥራ። የመሠረቱ ሬዲየስ 20 ስለሆነ ተዳፋቱ 25 ይመጣል (የ400 እና የ225 ድምር 625፣ ካሬ ሥሩ 25)። ስለዚህ ቆርቆሮው ላይ በ25 ሬዲየስ ክብ ይሰመራል። 20ን ለ25 አካፍሎ በ360 ማባዛት 288 ዲግሪ ይሰጣል፤ የቀረው 72 ዲግሪ ተቆርጦ ይወጣል፣ ለመደረቢያ ግን 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ይተዉ። ክቡን በ20 የሰመረ ሰው ያንኑ 72 ዲግሪ ቢቆርጥ፣ ቆቡ 32 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሆኖ ይወጣና ቱቦው ላይ ያንሳል። ይዘቱ ደግሞ ተመሳሳይ መሠረትና ቁመት ካለው ሲሊንደር አንድ ሦስተኛ ነው፤ እዚህ 6.28 ሊትር ገደማ።

የዓይኑ ኮን ስሙን ያገኘው ከቅርጹ ብቻ ነው። ሬቲና (የዓይን ውስጠኛ የኋላ ሽፋን) ላይ ብርሃን የሚቀበሉ ሴሎች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ጫፋቸው የሾለው ኮን፣ ዘንግ የሚመስሉት ሮድ ይባላሉ። ኮኖቹ በሚሊዮን፣ ሮዶቹ በአሥር ሚሊዮኖች ይቆጠራሉ። የሚገርመው፣ ኮኖች በጣም በተጠጋጉበት በሬቲናው መሃል ሴሎቹ ቀጥነው ሮድ ይመስላሉ። ቀለም የምናየው በሦስት ዓይነት ኮኖች ነው። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብሎ መጥራት ተለምዷል፤ ጥሩ ስያሜ አይመስለኝም፣ ምክንያቱም “ቀዩ” ኮን ይበልጥ የሚነቃው የሞገድ ርዝመቱ 560 ናኖሜትር አካባቢ በሆነ ብርሃን ነው፤ ይህ ወደ ቢጫ የሚያደላ አረንጓዴ ነው። ኮኖች ብዙ ብርሃን ስለሚፈልጉ፣ ሲመሽ ማየቱ ለሮዶች ይቀራል፤ እነሱ ቀይን እምብዛም ስለማይለዩ የነጠላው ቀይ ጥለት ከሰማያዊው ቀድሞ ይጠቁራል። በሬቲናው መሃል ሮድ ስለሌለ ደብዛዛ ኮከብ ትክ ብለው ሲያዩት ይሰወራል፤ ወደ ጎን ፈቀቅ ብለው ቢያዩት ይመለሳል።

የእሳተ ገሞራው ኮን ክምር ነው። ጋዝ የበዛበት ቅልጥ ዓለት ተፈናጥሮ አየር ላይ ይቆራረጣል፤ ቀዝቅዞ ቀዳዳ የበዛበት ቀላል ጠጠር ሆኖ በአፉ ዙሪያ ይወድቃል። ስኮሪያ የሚባለው ይህ ነው፤ ቢሾፍቱ አካባቢ ከኮረብታዎቹ እየተቆፈረ ለግንባታ ይወሰዳል። ጎኑን የሚወስነው ጠጠሩ ሳይንሸራተት ሊቆም የሚችልበት ማዕዘን ነው፦ ብዙውን ጊዜ ከ30 ዲግሪ ትንሽ ያለፈ። የቆረጥነው ቆብ 37 ዲግሪ ስለሚያዘነብል ጎኑ ከአብዛኞቹ የእሳተ ገሞራ ኮኖች ትንሽ ቀጥ ያለ ነው። ሜክሲኮ ውስጥ በየካቲት 1943 እ.ኤ.አ. ከበቆሎ ማሳ የፈነዳው ፓሪኩቲን በ1952 ሲያቆም ከማሳው 424 ሜትር ከፍ ብሎ ነበር። አናቱ ጎድጓዳ ስለሆነ ግን ሂሳቡ ጫፉ የተቆረጠ ኮን ነው የሚለው።

እሳተ ገሞራ ሁሉ ኮን አይሠራም። የአፋሩ ኤርታ አሌ ላቫው ቀጭን ሆኖ ሩቅ ስለሚፈስ፣ በአሥር ኪሎ ሜትሮች በሚቆጠር መሠረት ላይ ተንጣሎ ከፍታው ከባሕር ወለል 613 ሜትር ብቻ ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት የተደፋ ምጣድ እንጂ ሾጣጣ አይመስልም።