«እባብ ያየ በልጥ በረየ»፦ ያየ እንጂ የተነደፈ አላለም

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር አንድ ጊዜ ክፉ ነገር የገጠመው ሰው ያንን የሚመስለውን ሁሉ፣ ጉዳት የሌለበትን ጭምር፣ እንደሚሸሽ ለመግለጽ ይነገራል። ለወዳጁ ዋስ ሆኖ የሰው ዕዳ የከፈለ ሰው ከዚያ ወዲያ ለምስክርነት እንኳ «ፈርም» ሲባል እጁን ይሰበስባል፤ ይህን ያዩ ጎረቤቶቹም ግማሽ በሐዘኔታ፣ ግማሽ በፌዝ ይህንኑ አባባል ይጠቅሱበታል። ብዙውን ጊዜ ፌዙ ይበልጣል። ቃላቱን አንድ በአንድ ለመረመራቸው ግን አባባሉ ፈሪን ከመንቀፍ ይልቅ በጥንቃቄ የታየ ነገርን የሚመዘግብ ሆኖ ይገኛል፤ ፍርሃት በሰው አንጎል ውስጥ እንዴት እንደሚያዝ የሚያጠኑ ተመራማሪዎች የደረሱባቸው ውጤቶችም ይህን ለማየት ይረዳሉ።

ልጥ ከዛፍ ግንድ ወይም ቅርንጫፍ ተልጦ የሚወጣ ቅርፊት ሲሆን ስሙም «ላጠ» ከሚለው ግስ የተገኘ ነው። ሚስማርና ሽቦ እንደ ልብ በማይገኝበት የገጠር ኑሮ ማገር ከግድግዳው እንጨት ጋር የሚታሰረው፣ አጥር የሚጠነክረው፣ የማገዶ ሸክምም የሚታሰረው በልጥ ነበር። ስለዚህ በየደጁ ወድቆ የሚገኝ ተራ ነገር ነው። ሲደርቅ ይጠመዘዛል፣ ቀለሙም ወደ ቡናማነትና ወደ ግራጫነት ይሄዳል፤ ሣር ላይ ተጥሎ በድንግዝግዝ ሲታይ ከእባብ ጋር መምታታቱ አያስገርምም። በተለይ እፉኝት ሰው ሲቀርባት ከመሸሽ ይልቅ ባለችበት ጸጥ ብላ የመቆየት ጠባይ ስላላት፣ መሬት ላይ ጸጥ ብሎ የተጋደመን ነገር ሁሉ በጥርጣሬ ማየት ለገበሬውም ለእረኛውም ከንቱ ፍርሃት አይደለም። «በረየ» የሚለው ግስ ዛሬ በዕለት ንግግር ብዙ አይሰማም፤ ደነበረ፣ በርግጎ ሸሸ እንደ ማለት ነው። ከ«ያየ» ጋር ቤት መምታቱ ከመረሳት ያዳነው ይመስለኛል።

የአባባሉ ዘመዶች በሌሎች ሕዝቦችም ዘንድ አሉ። ዐረቦች እባብ የነደፈው ሰው ገመድ ይፈራል ይላሉ፤ አድቫይታ የተባለው የሕንድ የፍልስፍና ትምህርት ሊቃውንትም በደብዛዛ ብርሃን ገመድን እባብ ብሎ የማየትን ምሳሌ ስለ እውነትና ስለ ሐሰተኛ ዕይታ ለማስተማር ይጠቀሙበታል። የአማርኛው ግን ከዐረብኛው በአንድ ቃል ይለያል፦ ሰውየው እባብ አየ እንጂ እባብ ነደፈው አልተባለም። ይህ ልዩነት ትንሽ ቢመስልም፣ በእኔ ግምት የአባባሉ ጥልቀት ያለው እዚያ ላይ ነው።

ከመበርየቱ እንጀምር። በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪ የሆነው ጆሴፍ ለዱ አይጦች ከሕመም ጋር የተያያዘን ድምፅ ሲሰሙ መልእክቱ በአንጎላቸው ውስጥ የሚሄድባቸውን መንገዶች ተከትሎ ነበር። አሚግዳላ የምትባለው፣ በአንጎል ግራና ቀኝ በጥልቀት የተቀመጠች ትንሽ ክፍል፣ መልእክቱን በሁለት መንገድ ትቀበላለች፤ አጭሩ መንገድ በአይጥ 12 ሚሊሴኮንድ ያህል ሲፈጅ፣ ድምፁን አጣርቶ በሚለየው በአንጎል ውጫዊ ሽፋን በኩል የሚዞረው ግን ወደ እጥፍ የሚጠጋ ጊዜ ይወስዳል። አጭሩ መንገድ ፈጣን ነው፣ ነገር ግን ልጥን ከእባብ አይለይም። ይህ አጭር መንገድ በሰው ዕይታ ላይ ምን ያህል ድርሻ አለው የሚለው ጥያቄ በተመራማሪዎች መካከል ያከራከረ ስለሆነ የአይጡን ልክ እንዳለ ወደ ሰው ማዞር አይገባም። ለዱ ራሱም በኋለኞቹ ዓመታት አሚግዳላን «የፍርሃት ማዕከል» ብሎ መጥራት ስሕተት መሆኑን፣ እርሷ የምታስነሣው የሰውነትን የመከላከል ምላሽ እንጂ ሰው «ፈራሁ» የሚለውን ስሜት እንዳልሆነ አጥብቆ ተከራክሯል። የእኛ አባባል «ፈራ» ሳይሆን «በረየ» ማለቱን እዚህ ላይ ልብ ይሏል፤ የሚናገረው ልብ ስለተሰማው ሳይሆን እግር ስላደረገው ነው።

ስለ «ያየ» ደግሞ ይበልጥ የሚናገረው የኤልዛቤት ፌልፕስ ሥራ ነው። ፌልፕስ ሰው ሌላውን ሰው እያየና እየሰማ ፍርሃትን እንዴት እንደሚማር ያጠናች የአእምሮና የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪ ናት። በ2001 ከባልደረቦቿ ጋር ባወጣችው ጥናት ለተሳታፊዎች የተነገራቸው አንድ ቀለም ያለው አራት ማዕዘን ሲታይ መጠነኛ የኤሌክትሪክ ንዝረት ሊደርስባቸው እንደሚችል ብቻ ነበር። ለአንዳቸውም ንዝረት አልተሰጠም። ቢሆንም ቀለሙ ሲታይ የግራዋ አሚግዳላቸው ምላሽ ሰጠች። ከስድስት ዓመት በኋላ ከአንድሪያስ ኦልሰን ጋር በወጣው ጥናት ደግሞ ተሳታፊዎች ሌላ ሰው ሲነዘር በፊልም አዩ፤ በራሳቸው ላይ ምንም ሳይደርስ፣ ያው ምልክት ለእነርሱ ሲቀርብላቸው አሚግዳላቸው ነቃች። የተነደፈው ሌላ ነው፤ የበረየው ግን ያየው ነው።

በዝንጀሮዎችም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ማይክል ኩክና ሱዛን ሚኔካ በ1989 ባሳተሙት ጥናት፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ ያደጉና እባብ የማይፈሩ ሪሰስ ዝንጀሮዎች፣ ሌላ ዝንጀሮ የአሻንጉሊት እባብ አይቶ ሲደነግጥ በቪዲዮ በማየት ብቻ እባብ መፍራትን ተማሩ። ቪዲዮው ተቀናብሮ ያው ዝንጀሮ በአበባ የደነገጠ መስሎ ሲታያቸው ግን አበባን መፍራት አልተማሩም። ስለዚህ የአባባሉ ባለቤቶች ከአራዊት ሁሉ እባብን መምረጣቸው እንዲያው የአጋጣሚ ነገር አይመስልም፤ ትምህርቱ ቶሎ የሚጸናበትን ፍጡር ነው የመረጡት።

አባባሉ ስለ ሰው ሲነገር ወደሚከብድበት ቦታ የሚያደርሰን በ2005 ኦልሰን፣ ፌልፕስና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ ያደረጉት ጥናት ነው። በመጀመሪያው ሙከራ የእባብና የሸረሪት፣ የወፍና የቢራቢሮ ሥዕሎች ከንዝረት ጋር ተያይዘው ቀረቡ፤ ከዚያም ያለ ንዝረት ደጋግመው ሲታዩ የወፉና የቢራቢሮው ፍርሃት ሲጠፋ የእባቡና የሸረሪቱ ግን ቶሎ አልለቀቀም። በሁለተኛው ሙከራ በእንስሳቱ ቦታ የጥቁርና የነጭ አሜሪካውያን ወንዶች ፊት ገባ። ተሳታፊዎቹ ጥቁሮችም ነጮችም ነበሩ። በራሳቸው ወገን ፊት ላይ የተማሩት ፍርሃት ሲሟሽሽ፣ ከሌላው ወገን በሆነው ፊት ላይ የተማሩት ግን እንደ እባቡ ጸንቶ ቀረ። ንዝረቱ አንድ ዓይነት ነበር፤ ፊቶቹም ለማንም ክፉ አላደረጉም።

እዚህ ላይ ልጡ ሰው ሆኗል። በአንድ ነጋዴ የተታለለ ሰው የዚያን ነጋዴ አገር ሰዎች ሁሉ ሲጠረጥር ብንሰማው፣ ከላይ ለዋሱ ሰውዬ የተናገርነውን ተረት ልንተርትለት እንችላለን፤ ነገሩ ግን አንድ አይደለም። ፊርማ የሸሸው ሰው የሚጎዳው ቢኖር ራሱን ነው፤ ሁለተኛው ግን በማያውቃቸው ሰዎች ላይ ፈርዷል። አባባሉን ለእንዲህ ያለው ጥርጣሬ እንደ ይቅርታ ማቅረብ ልጥን አጣርቶ አለማየት እንጂ እባብ ማየት አይደለም።

በዚያው ጥናት የታየ ሌላም ነገር ነበር። ከሌላው ወገን ሰው ጋር የፍቅር ግንኙነት በብዛት የነበራቸው ተሳታፊዎች በሌላው ወገን ፊት ላይ የሚያሳዩት የፍርሃት ጽናት ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ጎጆውን ሲሠራ ማገሩን በልጥ ሲያስር የሚውል ሰው ልጥ በእጁ የለመደው ነገር ነው፤ አባባሉ ስለ እርሱ ምንም አይልም።