ኬትልቤል እና የክርን ሕመም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በኬትልቤል፣ ማለትም ከላይ እጀታ ባለው ክብ የስፖርት ብረት፣ የሚሠራ ሰው ክርኑ መታመሙን መጀመሪያ የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ ጂም ውስጥ ሳይሆን ቤቱ ነው። ጠዋት ቡና ሊቀዳ ጀበናውን ብድግ ሲያደርግ ከክርኑ በውጭ በኩል ያለችው የአጥንት ጉብታ ትወጋዋለች፤ እርጥብ ልብስ ሲጨምቅና ቁልፍ ሲያዞር ደግሞ ሕመሙ ይመለሳል። በዚህ ጊዜ ወዳጅ ዘመድ የሚሰጠው ምክር ከቅን ልብ የመነጨ ቢሆንም ከፊሉ ስሕተት ነው፤ ቶሎ ሊረግብ የሚችለውንም ችግር ለወራት ያራዝመዋል።

«የቴኒስ ክርን የቴኒስ ተጫዋቾች ሕመም ነው»

ስሙ ብዙዎችን አሳስቷል። የቴኒስ ክርን የሚባለው፣ የእጅ አንጓን ወደ ኋላ የሚያጥፉት ጡንቻዎች ከክርን ውጫዊ ጉብታ ጋር የሚያያዙበት ጅማት ሲጎዳ የሚመጣ ሕመም ሲሆን፣ ከታማሚዎቹ አብዛኞቹ ራኬት ጨብጠው አያውቁም። በይበልጥ የሚያጠቃው ከ35 እስከ 55 ዓመት ያሉትንና እጃቸው አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ የሚደጋግምባቸውን ሰዎች ነው። የጎልፍ ተጫዋች ክርን የሚባለው ደግሞ በውስጥ በኩል፣ ጣቶችንና አንጓን ወደ መዳፍ የሚያጥፉት ጡንቻዎች በሚነሡበት ቦታ ይሰማል። ኬትልቤል ሁለቱንም ሊያመጣ ይችላል።

«እጀታውን አጥብቆ መያዝ ከጉዳት ይጠብቃል»

ከሁሉም ይልቅ ክርን የሚጎዳው ይህ እምነት ይመስለኛል። ምክንያቱን ለማየት ብረት አያስፈልግም። አሁን በተቀመጡበት የግራ መዳፍዎን በቀኝ ክንድዎ ላይ፣ ከክርኑ ትንሽ ወረድ ብሎ በእጅ ጀርባ በኩል ያሳርፉና ቀኝ ጡጫዎን ጠበቅ አድርገው ይጨብጡ። ጡጫ የሚጨብጡት ጡንቻዎች በውስጥ በኩል ያሉት ሆነው ሳለ፣ ከመዳፍዎ ሥር ያለው የውጭው ጡንቻ ሲጠጥር ይሰማዎታል። ጣቶች ሲጨበጡ አንጓው አብሮ እንዳይታጠፍ የውጩ ጡንቻ ወደ ኋላ እየሳበ መያዝ አለበት፤ ስለዚህ እጀታውን ባጠበቅን ቁጥር የውጩም የውስጡም ጅማት በአንድ ጊዜ ይወጠራል። አሁን ይህን በአንድ የሥልጠና ቀን መቶ ጊዜ ያባዙት።

እንግዲህ መፍትሔው እንደ እንቅስቃሴው ደረጃ አያያዝን መለዋወጥ ነው። በስዊንግ፣ ማለትም ብረቱ በእግሮች መካከል አልፎ ወደ ፊት በሚወዛወዝበት እንቅስቃሴ፣ ጉልበቱ የሚመጣው ከዳሌ ነው፤ የክንድ ድርሻ ብረቱን ከአካል ጋር ማገናኘት ብቻ በመሆኑ ጣቶች እንደ መንጠቆ ሆነው እጀታውን ቢይዙት ይበቃል። ክንዱን አጥፎ ብረቱን ለመሳብ የሚሞክር ሰው የዳሌውን ሥራ በክርኑ እየሠራ ነው። በክሊን ጊዜ ብረቱ ወደ ደረት ሲወጣ ክርን ከጎድን ሳይርቅ እጅ ወደ እጀታው ውስጥ ሰተት ብሎ ቢገባ፣ ብረቱ በክንዱ ዙሪያ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ ተገልብጦ ክንድ ላይ የሚፈነዳ ከሆነ ግን አያያዙ ጠብቋል ወይም ብረቱ ከአካል ርቋል ማለት ነው። ደረት ላይ ሲያርፍም እጀታው በመዳፉ ላይ አግድም ሳይሆን ሰያፍ መተኛት፣ አንጓውም ቀጥ ማለት ይኖርበታል።

ስናች ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብረቱ በአንድ ትንፋሽ ከራስ በላይ ሲወጣ ክርኑን በኃይል ገጭ አድርጎ መዘርጋት መገጣጠሚያውን ይጎዳል። ሲወርድ ደግሞ ብረቱን ከአካል አርቆ የሚጥል ሰው ታች ላይ የሚደርሰውን ንጥቂያ በሙሉ በተዘረጋ ክንዱ ይቀበላል። ብረቱን ወደ አካል አስጠግቶ ማውረድና በመንገዱ ላይ አያያዙን ከመዳፍ ወደ ጣቶች ማሸጋገር ያንን ንጥቂያ በእጅጉ ይቀንሰዋል። በላብ የሚያንሸራትት እጅ ሳያስፈልግ ስለሚጠብቅ፣ እጅን በማግኒዥየም ካርቦኔት ዱቄት ማድረቅም ለክርን ይጠቅማል።

«16 ኪሎው ከቀለለኝ ወደ 24 ማለፍ አለብኝ»

የኬትልቤል ክብደቶች አመጣጣቸው ከሩሲያ ነው። የጥንቱ የሩሲያ መለኪያ ፑድ 16.38 ኪሎ ግራም ስለነበር የተለመዱት ብረቶች 16፣ 24 እና 32 ኪሎ ሆኑ፤ ማለትም አንድ፣ አንድ ተኩልና ሁለት ፑድ። በወጉ መሠረት ከ16 ቀጥሎ «ቀጣዩን» ማንሣት እንግዲህ ክብደቱን በአንድ ጊዜ በ50 በመቶ መጨመር ነው። ጡንቻ በጥቂት ሳምንታት ይጠነክራል፤ ጅማት ግን የሚጠነክረው በወራት ነው። በዚህ ልዩነት የተነሣ ሠልጣኙ «ቻልኩት» በሚልበት ጊዜ ጅማቱ ገና አልደረሰም። እኔም በምሠለጥንበት ጂም ከ16 ቀጥሎ የነበረው 24 ብቻ በመሆኑ ተቻኩዬ ወስጄው፣ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ብርጭቆ ማንሣት አቅቶኝ ያውቃል።

20 ኪሎ ካለ እሱን መውሰድ ይሻላል። ከሌለ ደግሞ አዲሱን ብረት በሁለት እጅ ስዊንግ፣ በአምስት በአምስት ድግግሞሽ መጀመር፣ ከሳምንታት በኋላ ወደ አንድ እጅ ስዊንግ፣ ከዚያ ወደ ክሊን፣ በመጨረሻ ወደ ስናች መሸጋገር ይቻላል። በ5 ደቂቃ 100 ስናች የሚለውን የታወቀ ፈተና ለማለፍ የሚዘጋጅ ሰው፣ በዚያው ሳምንት የሚሠራው ፑል አፕም (ዘንግ ላይ ተንጠልጥሎ አካልን ወደ ላይ መሳብ) በዚያው ጅማት ላይ እንደሚደመር መርሳት የለበትም።

«ጅማቱ ስለተቆጣ፣ ሕመሙ እስኪጠፋ እጅን ፈጽሞ ማሳረፍ ነው»

ሕመሙ ለወራት ከቆየ፣ በጅማቱ ውስጥ የሚታየው በዋናነት መቆጣት ሳይሆን የጅማቱ ክሮች መዘበራረቅና መዳከም ነው። የዳይክሎፌናክ ቅባት ለጊዜው ሊያስታግስ ይችላል፤ የተዳከመውን ጅማት ግን አያጠነክርም። ሙሉ ዕረፍትም እንዲሁ፦ ሕመሙ ይቀንሳል፣ ጅማቱ ደግሞ ይበልጥ ይዳከማል፣ ከወር በኋላ ወደ ብረቱ ሲመለሱ ሁሉም እንደገና ይጀምራል። ስናችንና ክሊንን ለጊዜው መተው ተገቢ ነው፤ እጅን ሥራ ማስፈታት ግን አይደለም።

ውጤታማው መንገድ በተመጠነ ጭነት ጅማቱን ማለማመድ ነው። ለውጭ ሕመም ክንድን ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ መዳፍን ወደ ታች አድርጎ እጅን ከጠርዙ ማሳለፍ፣ ውሃ የተሞላ የአንድ ሊትር ፕላስቲክ መያዝ፤ አንድ ኪሎ ያህል ይመዝናል። ሕመሙ ገና ትኩስ ከሆነ እጅን ቀጥ አድርጎ ከ30 እስከ 45 ሰከንድ ይዞ መቆየት፣ ይህንንም አራት አምስት ጊዜ መድገም። ሲረግብ ደግሞ በሌላኛው እጅ እየረዱ አንጓውን ወደ ላይ ማንሣትና ያለ ረዳት በአራት ሰከንድ ቀስ ብሎ ማውረድ፣ 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር። ለውስጥ ሕመም መዳፉ ወደ ላይ ይሆናል። በሚሠሩበት ጊዜ፣ ከዜሮ እስከ አሥር ባለው የሕመም መለኪያ እስከ ሦስት የሚደርስ ሕመም አያስፈራም፤ ሆኖም በማግሥቱ ጠዋት ወደ ነበረበት ካልተመለሰ ጭነቱ በዝቷልና ይቀነስ። ይህ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ትዕግሥት ይጠይቃል።

«አንድ የስቴሮይድ መርፌ ይገላግላል»

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ብቻ ለሚያይ ሰው እውነት ይመስላል። በአውስትራሊያ በ165 የቴኒስ ክርን ታማሚዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ግን፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ሕመሙ ያገረሸባቸው የስቴሮይድ መርፌ ከተወጉት 54 በመቶ፣ መድኃኒት የሌለው መርፌ ከተወጉት ደግሞ 12 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። መርፌው ሕመሙን ሲያጠፋው ሰው ወዲያው ወደ ከባዱ ብረት ይመለሳል፤ ይህን ውሳኔ ከሐኪም ጋር በጥሞና መነጋገር ያስፈልጋል።

«ወጌሻ ቢያሸው ይመለሳል»

ወለም ያለ ነገር የለምና የሚመለስ የለም። የታመመውን ጉብታ በኃይል ማሸት የጅማቱን ሕመም ሊያባብሰው ይችላል። ከክርን በታች ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ወረድ ብሎ የሚታሰር ማሰሪያ ግን በሥራ ሰዓት የሚያቀልላቸው አሉ።

«የክርን ሕመም ሁሉ አንድ ነው»

አይደለም። ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት የሚደነዝዙ ከሆነ የተጨነቀው በክርን ውስጥ በኩል የሚያልፈው ነርቭ ሊሆን ይችላል፤ ሕመሙ አንገትን ሲያዞሩ የሚለዋወጥ ከሆነ ደግሞ ምንጩ አንገት ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ምርመራ ይሻሉ። ብረት ሲያነሡ ክርን ፊት ለፊት «ቷ» የሚል ድምፅ ተሰምቶ ከዚያ ቦታው ከበለዘና ጉልበት ካጣ፣ የባይሴፕስ፣ ማለትም የላይኛው ክንድ የፊት ጡንቻ፣ ጅማት ተበጥሶ ሊሆን ስለሚችል በቀናት ውስጥ ለአጥንት ሐኪም መታየት ያስፈልጋል፤ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ከሆነ መዘግየቱ ሥራውን ያከብደዋል። ከወደቁ በኋላ የማይዘረጋ፣ ወይም ቀልቶ፣ አብጦና ትኩሳት ይዞ የመጣ ክርን ደግሞ በዚያው ቀን ይታይ።