ሆሎታይፕ ምንድን ነው?

አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ገብቶ ድንቅነሽን አይቶ ለሚወጣ ሰው አንድ ጥያቄ አለኝ። አውስትራሎፒቴከስ አፋረንሲስ የሚለው የዝርያዋ ስም የቆመው በማን አጥንት ላይ ነው? «በድንቅነሽ ነዋ!» ይለኛል። እኔም እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ።

አይደለም። ድንቅነሽ ሐዳር ላይ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። በ1978 ዝርያው ስም ሲወጣለት ግን የተመረጠው ታንዛኒያ ውስጥ ላቶሊ የተገኘ የታችኛ መንጋጋ ነው፤ መለያው ኤልኤች 4። ትንሽ ቅር ይላል፣ አውቃለሁ። ለመጽናኛ፣ በ1999 ስም የወጣለት የሌላው ዝርያ፣ የአውስትራሎፒቴከስ ጋርሂ፣ ሆሎታይፕ የእኛው የአፋር ነው።

ሆሎታይፕ እንግዲህ ይኼ ነው፦ አዲስ ዝርያ ስም ሲወጣለት «ስሙ የዚህ ነው» ተብሎ የሚመረጥ አንድ ናሙና። የግድ ቆንጆው ወይም ሙሉው መሆን የለበትም። ነገ «ለካ አንድ ያልነው ሁለት ዝርያ ኖሯል» ቢባል፣ ስሙ ሆሎታይፑ ካለበት ወገን ጋር ይሄዳል። ለሌላው ሌላ ስም ይፈለጋል።

አጥንት መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። በዓይን የማይታይ ፈንገስስ?

ሶፍ ዑመርን ከመሰለ ዋሻ አንድ ማንኪያ አፈር መጣ እንበል። አፈሩ በንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል፣ ደጋግሞ ይቀጥናል፣ ከዚያ ጠብታው አጋር ላይ ይቀባል። አጋር የትዳር አጋር አይደለም፤ ከባሕር አረም የሚሠራ፣ እንደ ጄሊ የሚረጋ ነገር ነው። ባክቴሪያ እንዳይቀድም ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ይገባበታል። ከቀናት በኋላ ነጭ፣ ግራጫ፣ አረንጓዴ ክቦች ብቅ ይላሉ። መሶብ ውስጥ የተረሳ እንጀራ ያየ ሰው ያውቃቸዋል።

ከዚያ አንዲት ስፖር ትነጠልና ለብቻዋ ትበቅላለች። ስፖር ማለት የፈንገስ ዘር እንደማለት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ስፋቷ የሚሊሜትር ጥቂት ሺኛ ነው። በማይክሮስኮፕ በርካቶች ይለካሉ፤ የተሸከማቸው ግንድ ሳይቀር ይሳላል። መልክ ብቻውን ግን ያታልላል፣ ሻጋታ ከሻጋታ በጣም ይመሳሰላልና። ስለዚህ ዲኤንኤው ይነበባል፤ አይቲኤስ ከሚባለው ክፍል ይጀመርና ሌሎች ጂኖችም ይታያሉ። ከታወቁት ጋር ተነጻጽሮ ዘመድ እንጂ እኩያ ከጠፋለት፣ አዲስ ዝርያ ሳይሆን አይቀርም።

እዚህ ላይ ነው እኔን ያስገረመኝ ነገር የሚመጣው። የዝርያ ስም አወጣጥ ሕጉ በሕይወት ያለ ፈንገስ ሆሎታይፕ እንዲሆን አይፈቅድም። ሻጋታው ከነአጋሩ ይደርቃል፣ ይታሸጋል፣ ቁጥር ተሰጥቶት ቋሚ ክምችት ውስጥ ይገባል። ወይም በብርቱ ቅዝቃዜ እንቅስቃሴው ሙሉ በሙሉ እንዲቆም ይደረጋል። ለምን? እርሾን አስቡ። ከጎረቤት የመጣ እርሾ ከዓመት በኋላ ያው እርሾ ነው? የሚኖር ነገር ይለወጣል፣ ሌላም ይቀላቀልበታል። መመሳከሪያ ደግሞ ሲለዋወጥ አያምርበትም። በሕይወት ያለው ወንድሙ ለምርምር ሌላ ቦታ ይቀመጣል።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የፈንገስን ግን መልአክም ቢያወጣው ቁጥር ያስፈልገዋል! ከጥር 2013 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እንደ ማይኮባንክ ካለ መዝገብ ቁጥር ያላገኘ አዲስ የፈንገስ ስም ሕጋዊ አይደለም። መግለጫው እስከ 2011 መጨረሻ በላቲን መጻፍ ነበረበት፤ አሁን እንግሊዝኛም ይቻላል። በአማርኛ ብቻ ግን አይሆንም።

ይኼ ሁሉ ጣጣ ለደረቀ ሻጋታ? በ2006 ኒው ዮርክ ዋሻ ውስጥ አፍንጫቸው ነጭ የሆነ የሌሊት ወፎች ታዩ። ከዚያ ወዲህ በሰሜን አሜሪካ ሚሊዮኖች አልቀዋል። ገዳዩ ፈንገስ በ2009 ጂኦማይሰስ ዲስትራክታንስ ተባለ። ችግሩ፣ የዋሻ አፈር በጣም በሚመስሉት ዘመዶቹ የተሞላ ነው፤ የሌሊት ወፍ የማይገድሉ። በ2013 ዝምድናው እንደገና ሲጠና የወገን ስሙ (የፊተኛው ቃል) ተቀይሮ ሱዶጂምኖአስከስ ሆነ። ዲስትራክታንስ የሚለው ግን አብሮት ሄደ፤ የታሸገው ናሙናም ያው የድሮው ነው።