የደቦ ፍርድና ከፋፋይ ፖለቲካ በባህርዳርና በጣና ዙሪያ፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

የደቦ ፍርድ ወይም የመንጋ ጥቃት የሚባለው ሰዎች ተሰባስበው ፖሊስም ፍርድ ቤትም ሳይጠብቁ ራሳቸው ከሰው፣ ራሳቸው ፈርደው፣ ራሳቸው የሚቀጡበት ድርጊት ነው። ባህርዳርና በጣና ዙሪያ ያሉት አካባቢዎች ላይ ይሄ ነገር ድንገት ከሰማይ የወረደበት ጊዜ ጥቂት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞት ወሬ አለ፣ ወሬውን ደግሞ ሰውን በስሙ ሳይሆን በብሄሩ ወይ በሃይማኖቱ የሚጠራ የፖለቲካ ንግግር ቀድሞታል። ስለ ጣናና ስለ ገዳማቱ የተጻፈው ብዙ ነው፣ ስለዚህ ጉዳይ ግን አንድ ላይ የተሰበሰበ ነገር ስለሌለ ነው ይሄ የተዘጋጀው። ምንጮቹ በዋናነት የየጊዜው ዜናዎች፣ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን (ኢሰመኮ) እና የአምነስቲ ሪፖርቶች ስለሆኑ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ያለው በጣም ይሰፋል።

ከፌስቡክ በፊት

ጎጃምና ጎንደር ላይ ሌብነት ወይም ግድያ ተፈጽሞ ጥፋተኛው ሲጠፋ ሀገሬው ሜዳ ላይ ተጠርቶ አውጫጭኝ ይቀመጥ ነበር፣ አፈርሳታም ይሉታል። የቀረ ይቀጣል፣ የመጣ ምሎ የሚያውቀውን ይናገራል፣ ጥፋተኛው ካልተገኘ አካባቢው አዋጥቶ ይከፍላል። እንግዲህ ብዙ ሰው ተሰብስቦ ወንጀል ያጣራበት ነገር ነው፣ ግን ሰብሳቢ አለው፣ ተራ አለው፣ የተጠረጠረም መልስ ይሰጣል። ደም የተቃቡ ቤተሰቦችን የሚያስታርቁ፣ ደም የሚያደርቁ ሽማግሌዎች ዛሬም አሉ፣ ፖሊስ ጣቢያም ራሱ ጉዳዩ ሲከርበት ወደነሱ የሚልክበት ጊዜ አለ። የኛ ሰው ክርክር የማያውቅ፣ ዴሞክራሲ ከውጭ የመጣበት ብቻ አድርገው የሚያወሩ ሰዎች ይሄን ቢያዩት ጥሩ ነበር።

ድሮ ሁሉ ሰላም ነበር ማለት ግን አይደለም። ሀይቁ ዳር የሚኖሩት ነገደ ወይጦዎች፣ ከደንገል ታንኳ የሚሰሩትና ዓሳ የሚያሰግሩት፣ ጉማሬ ይበላሉ ተብለው ከክርስቲያኑም ከሙስሊሙም ጎረቤት ተገልለው ነው የኖሩት፣ እነሱ ራሳቸው ሙስሊም ሆነው ሳለ። አብሯቸው ማዕድ የማይቀርብ፣ ልጁን ለነሱ የማይድር ብዙ ነበር፣ አሁንም አለ። ከተማዋ እየሰፋች ስትሄድ ደግሞ ከሀይቁ ዳር እየተገፉ መጡ። ሰውን በወገኑ አሳንሶ ማየት በዚህ ከተማ በኢንተርኔት አልጀመረም ለማለት ነው።

በ1960 የጎጃም ገበሬ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጁን አልቀበልም ብሎ ሲያምጽ ጦር ብቻ ሳይሆን አውሮፕላንም ተልኮበታል፣ በመጨረሻ ግን አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ከጎጃም ተነሱ። የደርጉ ቀይ ሽብር ባህርዳርንም አልማራትም።

2008 እና ከዛ በኋላ

ሐምሌ 5 ቀን 2008 ጎንደር ላይ፣ ወልቃይት ከትግራይ ወጥቶ ወደ አማራ ይመለስ የሚለውን ጥያቄ የያዘውን የወልቃይት ኮሚቴ አባላት ለመያዝ በተደረገው ሙከራ ተኩስ ተከፈተ፣ ሐምሌ 24 ጎንደር ትልቅ ሰልፍ ወጣች፣ ነሐሴ 1 ቀን እሁድ ደግሞ ተራው የባህርዳር ሆነ። የባህርዳሩን ሰልፍ የጸጥታ ኃይሎች በጥይት በተኑት፣ አምነስቲ በዛች አንድ ቀን ባህርዳር ላይ ቢያንስ 30 ሰው ተገድሏል ብሏል፣ መንግስት ያመነው ቁጥር ከዛ በጣም ያነሰ ነው። ከዛ በኋላ ከተማዋ ሱቅ ዘግታ፣ ባጃጅ አቁማ፣ ቤት ውስጥ የመቀመጥ አድማ መታች፣ በነሐሴ መጨረሻም ከተማው አጠገብ የነበረ የውጭ ባለሀብት የአበባ እርሻ ተቃጠለ። መስከረም 2009 መጨረሻ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር አብሮ መታየት አለበት። አንደኛው ጥያቄው ትክክለኛ ነበር፣ ሰልፈኛው ባዶ እጁን ነበር፣ ጎንደር ላይም የኦሮሞ ወንድሞቻችንን መግደል ይቁም የሚል መፈክር ተይዞ ወጥቷል፣ ይሄ የሚያኮራ ነው። ሁለተኛው፣ እኛ ማውራት የማንወደው ነገር፣ በዛው ሰሞን ጎንደርና መተማ ላይ የትግራይ ተወላጆች ቤትና ንግድ ተለይቶ ተጠቅቷል፣ ብዙ ሰውም ወደ ሱዳንና ወደ ትግራይ ሸሽቷል። ተቃውሞው የነበረው በመንግስት ላይ ነው፣ ዋጋ የከፈለው ግን ሱቅ የነበረው ጎረቤት ነው። በዛን ጊዜ ሰላማዊ ሰልፍ መጥራት በህገ መንግስቱ አንቀጽ 30 የተጻፈ መብት ቢሆንም በተግባር በጥይት የሚመለስ ነበር፣ የሚናገርበት ያጣ ሰው ቁጣውን ቅርቡ ያለው ላይ ያወርዳል፣ ይሄ ምክንያቱን ያስረዳ እንደሆን እንጂ ድርጊቱን አያጸዳውም።

ከሁሉም የሚገርመው ባህርዳር በተቃራኒውም ንግግር ታሪክ ያላት ከተማ መሆኗ ነው። ከሚያዝያ 2004 ጀምሮ የአፍሪካ መሪዎች ስለ ጸጥታ የሚመክሩበት የጣና ፎረም የሚካሄደው እዚሁ ነው፣ የመጀመሪያው አጀንዳም ብዝሃነትን ማስተናገድ የሚል ነበር። እምቦጭ ጣናን ሲወር ደግሞ በ2010 መጀመሪያ ከኦሮሚያ ወጣቶች ጣና ኬኛ (ጣና የኛ ነው) ብለው በአውቶብስ መጥተው ውሃ ውስጥ ገብተው አረሙን ነቀሉ፣ ብዙም ሳይቆይ አቶ ለማ መገርሳ የኦሮሚያን ልዑክ ይዘው ባህርዳር መጡና ኢትዮጵያዊነት ሱስ ነው ያሉት እዚህ ነው። አዳራሹ ውስጥ የነበረው ጭብጨባ አሁን ድረስ ዩትዩብ ላይ አለ። ፖለቲከኛ ሲናገር ሰው ይቀየራል፣ ለመጥፎም ለጥሩም፣ እዚህ ታይቷል።

ወሬ ሰው ሲገድል

የ2010 ለውጥ ሲመጣ በሩ በአንዴ ተከፈተ። ሰኔ 2010 ባህርዳር ላይ የአማራ ብሄራዊ ንቅናቄ (አብን) ተመሰረተ፣ የክልሉ ገዥ ፓርቲ ብአዴንም መስከረም 2011 ላይ እዚሁ ባደረገው ጉባኤ ስሙን አዴፓ አለ፣ የታሰሩ ተፈቱ፣ የተሰደዱ ተመለሱ፣ ፖስትና ላይቭ በዛ። መናገር ነጻ ሲሆን የሚጣራበት ነገር ግን አብሮ አልመጣም። ነሐሴ 2010 ሻሸመኔ ላይ ቦንብ ይዟል በተባለ ወሬ አንድ ሰው በህዝብ ፊት ተደብድቦ ተሰቀለ፣ ቦንብ አልነበረም፣ ባህርዳርም ቪዲዮውን እያየ አዝኗል፣ ግን እንዲህ አይነቱ እኛ ጋ አይደረግም ያለው ሰው ብዙ ነበር።

ጥቅምት 2011 ላይ ምዕራብ ጎጃም ውስጥ አዲስ ዓለም በምትባል ትንሽ ከተማ ለጤና ጥናት የሄዱ ሁለት ተመራማሪዎች ህጻናት ላይ ጉዳት እያደረሱ ነው በሚል ወሬ በተሰበሰበ ሰው ተገደሉ። ፖለቲካ አልነበረበትም፣ ብሄርም አልነበረበትም፣ የገደሏቸው የራሳቸው ወገን ናቸው። ለኔ ከሁሉም በላይ የሚያስፈራው ይሄኛው ነው፣ ምክንያቱም ፀጉረ ልውጥ ካያችሁ ጠቁሙ የሚለው የባለስልጣንና የካድሬ ንግግር ለዓመታት ሲደጋገም ቆይቶ መጨረሻ ላይ ደብተርና ናሙና መያዣ የያዘ ሀኪም ሁሉ ፀጉረ ልውጥ ሆነ። የአካባቢው አመራር በአንድ ሜጋፎን ቀድሞ ወጥቶ እነዚህ ሰዎች ለምን እንደመጡ ቢናገር ኖሮ የሚል ሰው አለ፣ እኔም ከነሱ ነኝ።

ታህሳስ 10 ቀን 2012 ደግሞ በሞጣ መንገድ ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ የምትገኘው ሞጣ ላይ፣ ጊዮርጊስ ቤተክርስቲያን እሳት ታየ ተብሎ መስጊዶችና የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆች ተቃጠሉ። ክርስቲያኑም አብሮ አወገዘ፣ ለመልሶ ግንባታም ገንዘብ ተዋጣ። ሞጣ ለዘመናት ሁለቱም አብረው የሚገበያዩባት ከተማ ስለነበረች ብዙ ሰው ከውጭ የመጡ ናቸው ያደረጉት ይላል።

ሰኔ 15

ሰኔ 15 ቀን 2011 ቅዳሜ አመሻሽ ላይ የአማራ ክልል ርዕሰ መስተዳድር ዶ/ር አምባቸው መኮንንና አማካሪያቸው አቶ እዘዝ ዋሴ ባህርዳር ላይ ስብሰባ ላይ እያሉ ተገደሉ፣ የክልሉ ጠቅላይ ዐቃቤ ህግ አቶ ምግባሩ ከበደ ቆስለው በኋላ አረፉ፣ በዛው ምሽት አዲስ አበባ ላይ ኤታማዦር ሹሙ ጀነራል ሰዓረ መኮንንና ጡረተኛው ሜጀር ጀነራል ገዛኢ አበራ ተገደሉ። መንግስት የክልሉን የጸጥታ ኃላፊ ብርጋዴር ጀነራል አሳምነው ጽጌን ተጠያቂ አድርጎ የመፈንቅለ መንግስት ሙከራ ነው አለው፣ ጀነራሉ ከሁለት ቀን በኋላ ከባህርዳር ወጣ ብሎ ተገደሉ። ይሄ መንጋ አይደለም፣ መሳሪያ የያዘ አካል ነው፣ ግን ከዳሰሳው ማውጣት አይቻልም። ጀነራሉ ከጥቂት ቀናት በፊት ህዝቡ እንዲታጠቅ ሲናገሩ የሚያሳይ ቪዲዮ ፌስቡክ ላይ ሲዞር ነበር። መፈንቅለ መንግስት ነበር አልነበረም የሚለው እስካሁን ያከራክራል፣ ባህርዳር ላይ ጀነራሉን ጀግና የሚል አለ፣ የለም ክልሉን አንገቱን ቆረጡት የሚል አለ፣ አንድ ቤት ውስጥ ሁለቱም ይገኛሉ። ዶ/ር አምባቸው ግን ሰው የሚያዳምጡ፣ ለስላሳ አንደበት ያላቸው መሪ እንደነበሩ የሚክድ የለም። ያን ሰሞን ኢንተርኔት ስለተዘጋ ቦታውን የያዘው ወሬ ነው።

ህጉ

የጥላቻ ንግግርና የሀሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በተወካዮች ምክር ቤት የጸደቀው የካቲት 5 ቀን 2012 ነው። የጥላቻ ንግግር እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ያስቀጣል፣ ንግግሩን ተከትሎ ጥቃት ከደረሰ ቅጣቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይሆናል፣ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው አካውንት ሀሰተኛ መረጃ ማሰራጨትም ከፍ ያለ ቅጣት አለው፣ ማህበራዊ ሚዲያዎችም ጥቆማ ሲደርሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሱ ይላል። የመብት ተሟጋቾች ትርጉሙ ሰፊ ስለሆነ ጋዜጠኛና ተቃዋሚ ማሰሪያ ይሆናል ብለው ሰግተው ነበር። የመንግስት ሹም ጁንታ፣ ባንዳ፣ ሰርጎ ገብ እያለ በቴሌቪዥን ሲናገር ማን ነው ክስ የሚመሰርተው የሚለው ጥያቄ ደግሞ አዋጁ ላይ መልስ የለውም።

ጥቅምት 2014

በሰሜኑ ጦርነት ህወሓት ወደ አማራ ክልል ገፍቶ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ባህርዳር በተፈናቃይ ተሞላች፣ ሀዘንተኛ ያልሆነ ቤት አልነበረም፣ ፍርሃቱ እውነተኛ ነበር። በዛ መሃል የባህርዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩ የትግራይ ተወላጅ ፎቷቸውና ስማቸው ፌስቡክ ላይ ተለጥፎ ተወነጀሉ፣ ኮሜንቱም የዛቻ ነበር፣ ቤተሰባቸው ለፌስቡክ ሪፖርት አደረገ። ጥቅምት 24 ቀን 2014 ቤታቸው በር ላይ በጥይት ተገደሉ። ፖስት ካደረጉት ገጾች አንዱ የዩኒቨርሲቲውን ስም የያዘ ነው፣ ስም መለጠፍ ማንም ይችላል፣ ዩኒቨርሲቲው ከተነሳባቸው ከ1955ቱ ፖሊ (ፖሊቴክኒክ) እና ከፔዳ (የመምህራን ማሰልጠኛው) ጀምሮ ከየብሄሩ የመጣ ተማሪና አስተማሪ አብሮ የኖረበት ግቢ ነው፣ ያም ሆኖ የገዛ መምህሩ ቤቱ በር ላይ የተገደለበት ዩኒቨርሲቲም ሆኗል።

ልጃቸው ታህሳስ 2015 ላይ የፌስቡክ ባለቤት የሆነውን ሜታን ናይሮቢ ላይ ከሰሰ፣ የአልጎሪዝሙ አሰራር የጥላቻ ፖስትን እየገፋ ብዙ ሰው ጋ ያደርሳል፣ አማርኛና ትግርኛ የሚያይ በቂ ሰውም አልቀጠረም የሚል ነው ክሱ። ሜታ ጉዳዩ ኬንያ ላይ አይታይም ብሎ ተከራክሮ ነበር፣ መጋቢት 25 ቀን 2017 የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ማየት እችላለሁ ብሎ ወሰነ። ባህርዳር ላይ ስለተገደለ ሰው ክርክሩ ናይሮቢ ላይ መሆኑ ራሱ ስለኛ ፍርድ ቤቶች የሚለው ነገር አለ።

ከ2015 ወዲህ

መጋቢት 2015 መጨረሻ የክልል ልዩ ኃይሎች ይፈርሳሉ ሲባል ባህርዳርን ጨምሮ የክልሉ ከተሞች ተቃውሞ ወጡ፣ ሐምሌ 28 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ በመንግስትና በፋኖ መሃል ውጊያው ሰፋ። ጥር 20 ቀን 2016 ከባህርዳር ቅርብ በሆነችው መራዊ ቢያንስ 45 ሲቪሎች በመንግስት የጸጥታ ኃይሎች መገደላቸውን ኢሰመኮ አሳውቋል። የሞባይል ኢንተርኔት ክልሉ ላይ ለወራት ተዘግቶ ስለነበር እውነተኛው ዜና በስልክ ጥሪና ከአዲስ አበባ በሚመጣ ሰው ነበር የሚሰማው፣ ውጭ ሀገር ያለው ዩትዩበር ግን ሁለቱንም ወገን እያናከሰ በየቀኑ ላይቭ ይገባል። የሚጎዳው እዚህ ያለው ነው፣ ለአንዱ ባንዳ ለሌላው ጽንፈኛ ተብሎ።

ሰኔ 2016 ባህርዳር ላይ ሁለቱን ወገን የሚያቀራርብ የሰላም ካውንስል ተቋቋመ፣ የሃይማኖት አባቶችና የሀገር ሽማግሌዎችም በየሰፈሩ ይሞክራሉ። ካውንስሉ ሁለቱም ለድርድር እንዲቀመጡ ጥሪ አድርጓል፣ ውጊያው ግን ከዛም በኋላ ቀጥሏል።