የማኅበረሰብ ልማት ፈንድ ምንድን ነው?

የማኅበረሰብ ልማት ፈንድ ማለት ምንጭ ለማጎልበት፣ የእጅ ጉድጓድ ለመቆፈር ወይም ለትምህርት ቤት መጸዳጃ ቤት ለመሥራት የተመደበ ገንዘብ በመሥሪያ ቤት ካዝና ወይም በሥራ ተቋራጭ እጅ ሳይቆይ፣ ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው የመረጡት ኮሚቴ በስሙ ወደ ከፈተው ሒሳብ የሚገባበት የድጋፍ አሰጣጥ ነው። ዕቃውን የሚገዛው፣ ግንበኛውን የሚቀጥረውና ሒሳቡን የሚያወራርደው ኮሚቴው ነው። የውሃ ባለሙያዎች በእንግሊዝኛው ምህጻር ሲዲኤፍ ይሉታል፤ ከጊዜ በኋላ ደግሞ ያው አሠራር «በማኅበረሰብ የሚመራ ፕሮጀክት» ወይም ሲኤምፒ የሚል ስም ወጥቶለታል። ስሙ ቢለዋወጥም መለያው አንድ ነው፤ ገንዘቡ ከሒሳቡ ሲወጣ የሚፈርሙት የጎጡ ሰዎች ናቸው።

ለጎጃም አንባቢ ነገሩ ሩቅ አይደለም። በኢትዮጵያና በፊንላንድ መንግሥታት ትብብር እ.ኤ.አ. በ1994 የተጀመረው የገጠር ውሃ አቅርቦትና አካባቢ ፕሮግራም ምሥራቅና ምዕራብ ጎጃምን ጨምሮ በአማራ ክልል ልዩ ልዩ ወረዳዎች ሲሠራ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2011 ተጠናቋል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራው እንደ ማንኛውም ፕሮጀክት ይሄድ ነበር፤ ሲሚንቶውንና ፓምፑን የሚገዛው መሥሪያ ቤት ነው፣ ሕዝቡ ድንጋይና አሸዋ ያቀርባል፣ ሲያልቅም «ተረከቡ» ይባላል። እንዲህ የተረከበ ሰው ፓምፑ ሲሰበር ወደ ወረዳ ሄዶ «የእናንተ ፓምፕ ተበላሽቷል» ቢል የሚገርም አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2003 ፕሮግራሙ ገንዘቡን በቀጥታ ለውሃ ኮሚቴዎች መስጠት በሙከራ ጀመረ። ለዚህ ደግሞ ገጠር ድረስ የሚዘልቅ የገንዘብ ተቋም ያስፈልግ ነበርና፣ ገበሬው ከብድርና ከቁጠባ ጋር በተያያዘ ደጁን የሚያውቀው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ በተለመደው አጠራሩ አብቁተ፣ የገንዘብ ማስተላለፊያው ሆነ። ተቋሙ ዛሬ ጸደይ ባንክ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2011 በእግሩ የተተካው ኮዋሽ የተባለው ፕሮግራም አሠራሩን ወደ ሌሎች ክልሎች ያሰፋው ሲሆን፣ የአገሪቱ የውሃ፣ የንጽህናና የአካባቢ ጤና ሥራ ማስፈጸሚያ ማዕቀፍም ከታወቁት የአፈጻጸም መንገዶች እንደ አንዱ ተቀብሎታል።

አካሄዱን በምሳሌ ማየት ይሻላል። በደምበጫ ዙሪያ ባለ አንድ ቀበሌ፣ አንድ ጎጥ ከገደል ሥር ከምትወጣ ምንጭ ከከብቱ ጋር እየተጋፋ ይቀዳል እንበል። ሴቶቹና አዛውንቱ ተሰብስበው ከመካከላቸው ኮሚቴ ይመርጣሉ፤ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና ሌሎች አባላት። ውሃ የመቅዳቱ ሸክም የሴቶች ስለሆነ ግማሽ ያህሉ አባላት ሴቶች እንዲሆኑ ይፈለጋል፤ በብዙ ቦታም ገንዘብ ያዥነቱ ለሴት ይሰጣል። ኮሚቴው ማመልከቻ ይሞላል። በቅጹ ላይ የተጠቃሚው አባወራና እማወራ ብዛት፣ አሁን የሚቀዱበት ቦታ ርቀት፣ ሕዝቡ በጉልበትና በገንዘብ የሚያዋጣው መጠን ይሰፍራል፤ ምንጩ ያለበት መሬት ባለይዞታ መስማማቱም ይረጋገጣል። ይህ የመጨረሻው ነገር ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ግድግዳው ከተሠራ በኋላ ባለመሬቱ አጥር አጥሮ መንገድ ቢከለክል ሥራው ሁሉ የሽምግልና ጉዳይ ስለሚሆን፣ አስቀድሞ በሽማግሌ ፊት በጽሑፍ ማስፈረሙ ከሲሚንቶው እኩል ያስፈልጋል።

ማመልከቻው ወረዳ ሲደርስ የውሃ ባለሙያ ቦታው ድረስ ሄዶ ያያል። በእጁ የሚይዘው ሰዓትና ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቢሆን ይበቃዋል። ጀሪካኑ ለመሙላት 100 ሰከንድ ከፈጀበት ምንጩ በሰከንድ 0.2 ሊትር፣ በቀን ደግሞ 17,280 ሊትር ይሰጣል ማለት ነው። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የተያዘው የገጠር መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ስለሆነ፣ የሌሊቱን ውሃ የሚያጠራቅም ማጠራቀሚያ ከተሠራ ምንጩ 690 ያህል ሰው ይችላል፤ ማጠራቀሚያ ከሌለ ግን ሌሊት የሚፈሰው ሁሉ ወንዝ ይገባል፣ የሚችለው ሰውም በዚያው ልክ ያንሳል። ልኬቱ የሚደረገው ምንጩ በሚደክምበት ወቅት፣ በሚያዝያ ወይም በግንቦት መጀመሪያ፣ ክረምቱ ሳይገባ መሆን አለበት። በመስከረም የተለካ ምንጭ በጎጃም ደጋ ማንንም ያታልላል።

ጥያቄው ተቀባይነት ሲያገኝ ወረዳውና ኮሚቴው ውል ይፈራረማሉ። ኮሚቴው ስለ ግዢ፣ ስለ ሒሳብ አያያዝና ስለ ግንባታ ክትትል ሥልጠና ይወስዳል፤ ገንዘቡም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየደረጃው ይለቀቅለታል። የመጀመሪያው ክፍያ በምን ላይ እንደዋለ ሳይወራረድ ሁለተኛው አይመጣም። ጽሕፈት የማታውቅ ገንዘብ ያዥ በጣት አሻራዋ ታወጣለች፤ ብቻዋን ግን አታወጣም፣ ሌሎቹ ፈራሚዎች አብረዋት ሊገኙ ይገባል። ከዚያ በኋላ ነው ዋጋ ማጠያየቁ፣ ከግንበኛው ጋር መከራከሩ፣ ሲሚንቶው በጋሪና በአህያ መጫኑ የሚመጣው። ከሰው ሁሉ ፊት ሲሚንቶ የገዛ ኮሚቴ ግንበኛው ሲሚንቶውን አቅጥኖ ሲያቦካ ዝም ብሎ አያይም። ለእኔ የዚህ አሠራር ትልቁ ጥቅም ከገንዘቡ ይልቅ ይህ ቁጥጥር ነው፤ ከወረዳ የሚላክ ተቆጣጣሪ በወር አንዴ ቢመጣ ነው፣ ውሃ ቀጂዋ ግን በየቀኑ እዚያው ነች።

የሕዝቡ ድርሻ በሦስት መልክ ይመጣል፤ ጉልበት፣ የአካባቢ ዕቃና ጥሬ ገንዘብ። ጉልበቱ ለጎጃም ገበሬ እንግዳ አይደለም። በወንፈል ተራ በተራ የሚተራረሰው፣ በደቦ አጭዶ የሚወቃው ሰው መሠረት ለመቆፈር አዲስ ሥርዓት አያስፈልገውም፤ ልዩነቱ በደቦ የባለቤቱ ቤት ጠላና እንጀራ ሲያቀርብ እዚህ ባለቤቱ ሁሉም ስለሆነ ማን ምን ያህል ቀን እንደሠራ በደብተር መመዝገብ ማስፈለጉ ነው። ባለ 50 ቅጠል የተማሪ ደብተር፣ ስም በግራ፣ ቀን በላይ፣ የመጣ ሰው ምልክት ይደረግለታል። ይህ ደብተር ከሌለ «እኔ ሠርቻለሁ፣ እሱ ቀርቷል» የሚለው ክርክር ውሃው ከወጣ በኋላም አያልቅም። ጥሬ ገንዘቡ ደግሞ ግንባታው ሳይጀመር አስቀድሞ ተሰብስቦ በኮሚቴው ሒሳብ ይቀመጣል፤ ዓላማውም ለጥገናና ለጥበቃ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጎጥ ያንገራግራል፣ ምክንያትም አለው። በ1960 ዓ.ም. ጎጃም በእርሻ ገቢ ግብርና በመሬት ልኬታ የተነሳ ማመጹ ገና ከሽማግሌዎች አፍ አልጠፋም፤ ከዚያ ወዲህም በየዘመኑ የተጠየቀው መዋጮ ብዙ ነው። ገበሬው «የት ገባ?» ብሎ ቢጠይቅ ስስት ተደርጎ ሊቆጠርበት አይገባም። የፈንዱ ጥሩ ጎን መልሱ እዚያው ቀበሌ፣ በራሱ ኮሚቴ የባንክ ደብተር ላይ መገኘቱ ነው፤ በየጊዜው ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወይም በስብሰባ ላይ ጮክ ተብሎ ከተነበበ ማለት ነው።

አንድ የሚያደናግር ጥያቄ አለ። እድር፣ ሰንበቴ ወይም የጽዋ ማኅበር በዚህ መንገድ ድጋፍ ማግኘት ይችላል ወይ? የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እንደ እድርና እቁብ ያሉ ባህላዊ ማኅበራትንና የሃይማኖት ተቋማትን አያካትትም። ስለዚህ አንድ እድር እንደ እድርነቱ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ተመዝግቦ እንደ በጎ አድራጎት ድርጅት ለለጋሽ ማመልከት አይችልም፤ ያን የሚፈልጉ አባላት ሌላ ድርጅት አቋቁመው መመዝገብ ይኖርባቸዋል፣ በተመዘገቡ ጊዜም የአስተዳደር ወጪያቸው ከጠቅላላ ገቢያቸው 20 በመቶ እንዳይበልጥ የሚለው ገደብ ይመለከታቸዋል። የማኅበረሰብ ልማት ፈንድ ይህን በር ማንኳኳት አይጠይቅም። ኮሚቴው ገንዘቡን የሚቀበለው ከወረዳው ጋር በፈረመው ውል መሠረት ስለሆነ የድርጅት ፈቃድ አያስፈልገውም። የእድሩ ሚና ግን ትልቅ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የታመነውን ገንዘብ ያዥ የሚያፈራው፣ የቀረውን ሰው የሚቀጣው፣ የተጣላውን የሚያስታርቀው እሱ ነው። የእድሩ ዳኛ በውሃ ኮሚቴው ሲመረጥ ሰው የለመደውን ሥርዓት ይዞ ይመጣል።

ከውሃ ውጭ ያሉት በሮች ብዙ አይደሉም፤ አሠራራቸውም ይለያያል። በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተው የአማራ ልማት ማኅበር፣ አልማ፣ ከአባላቱ መዋጮ በሚያገኘው ገንዘብ በተለይ በትምህርትና በጤና ተቋማት ግንባታ ላይ ይሠራል፤ እዚህም ሕዝቡ ድርሻውን ሲያዋጣ ሥራው ይፋጠናል። ትምህርት ቤቶች በአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም በተማሪ ቁጥር ተሰልቶ የሚደርሳቸው ድጎማ ነበራቸው፤ አጠቃቀሙን ከርእሰ መምህሩ ጋር የሚወስነው ወላጆች ያሉበት ኅብረት ነው። ለተመዘገቡ ድርጅቶች የጃፓን ኤምባሲ ለትናንሽ የማኅበረሰብ ሥራዎች የሚሰጠው ድጋፍ አለ፤ በአዋጅ 1113/2011 የተደነገገው የሲቪል ማኅበረሰብ ፈንድም በጎ ፈቃደኝነትን ማበረታታትን ከዓላማዎቹ አንዱ አድርጎ ይዟል። ሁሉም የየራሳቸው ቅጽና የጊዜ ገደብ ስላላቸው በአንድ ማመልከቻ ለሁሉም መሮጥ አያዋጣም።

አሠራሩ እንከን የለሽ አይደለም። ማመልከቻ በተሞላበትና ገንዘብ በተለቀቀበት ጊዜ መካከል የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ሲዘል ውሉ ላይ ያለው ገንዘብ አይበቃም፤ ኮሚቴውም ወይ ከሕዝቡ ተጨማሪ ይሰበስባል ወይ ሥራውን ያሳንሳል። ለደረሰኝ አስቸጋሪ የሆኑ ግዢዎች አሉ፤ ከጎረቤት ማሳ የተጫነ አሸዋ ደረሰኝ የለውምና ሻጩና ሁለት ምስክር የፈረሙበት ወረቀት ይዘጋጃል። የእጅ ፓምፕ መለዋወጫ በወረዳ ከተማ ካልተገኘ ያ የተቀመጠው የጥገና ገንዘብ ቢኖርም ፋይዳ የለውም። በፈቃድ የሚያገለግሉ ሰዎችም ይደክማሉ፤ ከጥር ጀምሮ ለሳምንታት የሚዘልቀው የተፋሰስ ሥራ ላይ የውሃው ሥራ ሲደረብ፣ ድሃዋ እማወራ ጉልበቷን ልታዋጣ የራሷን ሥራ ታስታጉላለች። ጥሩ ኮሚቴ እንዲህ ያለችውን ሴት በሕዝቡ ስምምነት ያቃልልላታል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የቀጠለው ግጭት ደግሞ ከዚህ ሁሉ የከበደ ነው፤ መንገድ ሲዘጋ ባለሙያውም ሲሚንቶውም ከባንክ የሚወጣው ገንዘብም በየቦታቸው ይቆማሉ።

ለማመልከት ለሚያስብ ጎጥ አንድ የጊዜ ጉዳይ አለ። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር የወረዳው ዕቅድ የሚዘጋጀው ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ነው፤ ጥያቄው በነሐሴ ወይም በመስከረም ቢቀርብ የዚያ ዓመት ገንዘብ ለሌላ ተመድቦ ሊገኝ ይችላል። ሰው ከአውድማ የሚያርፍበት የጥርና የየካቲት ወር ኮሚቴ ለመምረጥ፣ ከባለመሬቱ ጋር ለመስማማትና የመዋጮውን ልክ ለመወሰን ይመቻል፤ ማመልከቻው በመጋቢት ቢገባ ባለሙያው ምንጩን በደከመበት ወቅት መጥቶ ሊለካው ይችላል። ግንባታው በሚቀጥለው በጋ ከኅዳር በኋላ ይጀመራል፤ ያኔ ሰብሉ ተሰብስቧል፣ አፈሩ ደርቋል፣ አህያም መንገድ ታገኛለች። ከርክክቡ በኋላ የሒሳብ ደብተሩና የባንኩ ደብተር በአንድ ሰው ቤት እንዳይቀመጡ፣ ከኮሚቴው ውጭ የሆኑ ሁለት ሰዎችም በየስድስት ወሩ እያመሳከሩ እንዲያዩአቸው ከመጀመሪያው በቃለ ጉባኤ ቢወሰን ይመረጣል።